አባ እንድርያስ ዘሐረር
በክርስቲያን ማኅበር ጸንቶ ስለ መኖር

በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ስማቸው የተጻፈ ብዙዎች ናቸው፤ የተጻፉበትን ምክንያት በኑሮአቸው የሚያሳዩ ግን ጥቂቶች ናቸው። አንዱ ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት፥ አንዱ ሥራ ለማግኘት፥ አንዱም ባልንጀራውን ተከትሎ ወደ ማኅበሩ ይገባል፤ የፈለገውንም ባገኘ ወይም ባጣ ጊዜ እንደ ገባ ይወጣል። እንግዲህ የማኅበር ሰው መሆን ምን እንደ ሆነ በቃል ብዛት ከመተንተን ይልቅ በሐረርና በአውራጃዋ ኀምሳ ዓመት ያህል የኖሩትን የአንድ አባት ሕይወት መመልከት ይሻላል። እኒህም በአገራችን አባ እንድርያስ ተብለው የታወቁት ሞንሴኞር አንድሬ ዣሮሶ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ጽፈናል።

አባ እንድርያስ በ1858 ዓመት በፈረንሳይ አገር፥ በቫንዴ አውራጃ፥ ሴን ማር ዴ ፕሬ በምትባል መንደር ተወለዱ። በወጣትነታቸውም ካፑቺን ወደሚባለው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር ገቡ። ይህ ማኅበር ለመጣ ሁሉ ወዲያው አባልነትን አይሰጥም። ገቢው አስቀድሞ አንድ ዓመት በፈተና ይቀመጣል፤ በዚያ ዓመት እርሱ የማኅበሩን ሥርዐት ያጠናል፥ ማኅበሩም የእርሱን ጠባይ ይመረምራል። ሥርዐቱ የሚከብደው ቢሆን ያለ ነቀፋ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ቢጸና ግን በድኽነት፥ በንጽሕናና በመታዘዝ ለመኖር ይሳላል። ቡናማ ቀሚስ ለብሶ ሦስት ቋጠሮ ያለበትን ገመድ ይታጠቃል። በ1880 ዓመት ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት በመነኮሳት ማኅበሮች ላይ ዐዋጅ ስላወጣ ብዙዎቹ ከገዳማቸው ተባረሩ። በዚያ ዘመን የማኅበር ሰው መባል ስደትን እንጂ ጥቅምን አያመጣም ነበርና፥ ወጣቱ እንድርያስ የአባልነትን ዋጋ ገና በጧቱ ተማሩ።

ወደ ሐረርም በ1882 ዓመት መጡ። ከእርሳቸው በፊት ለኦሮሞ ሕዝብ የተላኩት አባ ማስያስ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጥተው ነበር፤ ከእርሳቸው በኋላ የተሾሙት ሞንሴኞር ቶረን ካኛም የሚሲዮኑን ማረፊያ በሐረር አደረጉ። በዚያ ጊዜ ከተማይቱን የያዙት ግብጻውያን ነበሩ። ይህችም ከተማ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን በተሠራው በጁገል ግንብ የተከበበች ናት። አምስት በሮች ነበሩአት፤ የውጭ አገር ክርስቲያንም ለብዙ ዘመን አይገባባትም ነበር።

ከበሩ ማለፍ ግን ሰውን የከተማው ወገን አያደርገውም። ነጋዴው በጧት አህያውን እየነዳ ይገባል፥ ገበያው ሲያልቅ ይወጣል፤ ማንም አገሬው ነው አይለውም። በግንቡ ውስጥ የሚኖር የሐረር ሰው ግን አፎቻ የሚለው ማኅበር አለው፤ ሲድር አብረውት ይደሰታሉ፥ ሲሞትበት አብረውት ይቀመጣሉ፤ እርሱም በተራው እንዲሁ ያደርጋል። ክርስቲያኑም ጽዋ እየጠጣ በሚሰበሰብበት ማኅበር ይህንኑ ያውቃል። በሰርግ ተገኝቶ በለቅሶ የሚቀር ሰው ስሙ ቢጻፍም ከማኅበሩ አይቈጠርም።

አባ እንድርያስ ያገለገሉት ሚሲዮን የሚጠብቀው የቤተ ክርስቲያን ሥርዐትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ለመጠመቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ንዑሰ ክርስቲያን ተብሎ ሃይማኖቱን ይማራል። ሲጠመቅ ክርስትና አባት ወይም ክርስትና እናት ይቆሙለታል፤ ማንም ብቻውን ወደ ማኅበሩ አይገባምና። ከተጠመቀ በኋላ ሰንበትን ያከብራል፥ ጾሙን ይጾማል፥ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ኀጢአቱን ይናዘዛል፥ በፋሲካ ይቈርባል፥ በአንድ ጋብቻ ይጸናል፥ ለቤተ ክርስቲያንም እንደ ዐቅሙ ይረዳል። ይህ ሁሉ ሸክም መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ስለ እሳት ያስብ፤ ፍሙ ከምድጃው ተለይቶ ብቻውን ሲቀመጥ ወዲያው ይከስላል፥ ከሌላው ጋራ ሲሆን ግን ይግላል። ሥርዐት ፍሙን በአንድ ምድጃ የምታኖር ናት።

በ1900 ዓመት አባ እንድርያስ ኤጲስ ቆጶስ ሆነው ሚሲዮኑን ሁሉ እንዲመሩ ተሾሙ። በዚያ ጊዜ የሐረር ገዥ የነበሩት ራስ መኰንን ወዳጃቸው ነበሩ፤ ልጃቸውን ተፈሪንም በእርሳቸው ጠባቂነት የፈረንሳይን ቋንቋ እንዲማር ሰጡአቸው። አስተማሪውም ኢትዮጵያዊው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። እኒህ ትሑት መምህር በ1915 ዓመት በሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ በሰጠመች ጊዜ ሞቱ፤ ደጃዝማች ተፈሪ ግን ከዚያው አደጋ ተረፉ።

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ላይ ጥቂት ቆም በል። የገዥ ልጅ በእጁ የተሰጠው ሰው ፈተናው ቀላል አይደለም፤ ጌታውን የያዘ ጭፍራውን ሁሉ ያገኛል የሚል አሳብ በልቡ ሊገባ ይችላልና። ነገር ግን ልጁ በአባቱ ሃይማኖት በተዋሕዶ ጸንቶ አደገ፤ በ1910 የሐረር ገዥ፥ በ1930 ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ከቀድሞ አሳዳጊው ጋራ የነበረው ፍቅርም አልቀዘቀዘም። በሹመት ተስፋ ወይም በጌታ ፍርሀት ወደ ማኅበር የሚገባ ሰው ሹመቱ ሲቀር አብሮ ይቀራል። ፍቅር ግን በመዝገባችን ላልተጻፈውም ሰው ይተርፋል፤ ይህ የክርስቲያን ማኅበር ምልክት ነው።

ሁለተኛውም ምልክት በሐረር ከግንቡ ውጭ ታየ። በ1901 ዓመት ራስ መኰንን በሰጡት መሬት ላይ አባ ማሪ ቤርናር የተባሉ ካፑቺን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የሚያስጠጋ ቤት አቆሙ፤ በቅዱስ አንጦንዮስ ስምም ተጠራ። ይህ ደዌ የያዘው ሰው ከዘመዱ ማዕድ፥ ከገበያውና ከጉባኤው ይለይ ነበር። ከደዌው ይልቅ መለየቱ ይገድለዋል። በዚያ ቤት ግን ስሙን የሚጠራው፥ ቍስሉን የሚያጥበው፥ አብሮት የሚጸልይ ሰው አገኘ። የሚሲዮኑ ማተሚያም በዚያው በሕሙማን ቤት ሥራውን ስለ ጀመረ፥ ከ1905 ጀምሮ በፈረንሳይ ቋንቋ ጋዜጣ ታተመበት። ሐዋርያው ጳውሎስ እንዳስተማረን የአንድ አካል ብልቶች ከሆንን የደከመው ብልት ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ማኅበር የሚመዘነውም በፊተኛው ወንበር በተቀመጠው ሳይሆን በደጅ በቆመው ሰው ነው።

በመጨረሻው የአባ እንድርያስ ዕድሜ ብርቱ መከራ መጣ። መጋቢት 29 ቀን 1936 ሐረር ጦር የሌለባት ከተማ መሆንዋ ታውቆ ሳለ የኢጣልያ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉባት፤ የካቶሊክ ሚሲዮንም ከጕዳቱ አልዳነም። በግንቦት ወር ጠላት ከተማይቱን ያዘ። ፈረንሳዮቹ ሚሲዮናውያን ቦታቸውን ለኢጣልያኖች እንዲለቁ ተደረገ፤ ሽማግሌው ጳጳስም በ1937 ከመንበራቸው ተለዩ። ኀምሳ ዓመት ያህል የተከሉት ተክል በሌላ እጅ ሲገባ አዩ። ወደ ተወለዱበት አገር ተመልሰው በጥር ወር 1941 በቱሉዝ ከተማ ዐረፉ። በዚያው ወር ቀድሞ በሐረር ያስተማሩት ልጅ፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ፥ በኦሜድላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ምድር ገቡ። አባ እንድርያስ ግን ሐረርን ዳግመኛ አላዩም።

ታዲያ እኒህ አባት የማን ወገን ነበሩ? በልደታቸው የፈረንሳይ፥ በስእለታቸው የቅዱስ ፍራንቸስኮስ፥ በኑሮአቸው የሐረር ነበሩ። ቤታቸው ሁለት ጊዜ ከማኅበራቸው ተወሰደ፤ በወጣትነት በአገራቸው፥ በሽምግልና በአገራችን። ያልተወሰደባቸው የገቡት ቃል ነበር።

አንተም እኅትህም፥ የተማራችሁ የከተማ ልጆች፥ ስማችሁን በማኅበር መዝገብ ከማስጻፋችሁ በፊት ዓመት ሙሉ እንደሚፈተን ሰው ራሳችሁን መርምሩ። ከተጻፋችሁም በኋላ ይህን ጠይቁ፤ በሚመጣው ሰንበት ባልገኝ የሚፈልገኝ ማን ነው? እኔስ የቀረውን ሰው ልፈልግ ሄጃለሁን? የታመመው ወንድሜ ቤት በየት በኩል እንደ ሆነ ዐውቃለሁን? ለዚህ መልስ ያለው ሰው ከማኅበሩ ነው። መልስ የሌለውም ተስፋ አይቍረጥ፤ የታመመውን ወንድሙን ቤት ጠይቆ ዛሬውኑ ይሂድ።