ፍሪድሪክ ሚሸር እና የነጭ የደም ሕዋስ ምሥጢር

በቀለም የተነከረ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ተማሪ ሁሉ፥ በነጩ የደም ሕዋስ መካከል ጠቆር ብሎ የሚታየውን ኑክሊየስ ያውቀዋል። ይህ እንደ አስኳል በመካከል የተቀመጠ አካል ከምን እንደ ተሠራ ለይቶ ለማወቅ በመጀመሪያ የደከመው ሊቅ ፍሪድሪክ ሚሸር ነው።

ሚሸር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1844 ዓ.ም. በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱ ሐኪምና የዩኒቨርሲቲ መምህር፥ የእናቱ ወንድም ቪልሄልም ሂስም ስመ ጥር የአናቶሚ ሊቅ ነበረ። ሚሸር በ1868 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርቱን ቢፈጽምም፥ ጆሮው በሚገባ ስለማይሰማ የበሽተኛን ደረት እያዳመጠ መመርመር የሚያዳግተው ሆነ። አጎቱ የሥጋችን አሠራር የመጨረሻ ምሥጢር የሚፈታው በኬሚስትሪ ነው ብሎ ያምን ነበርና፥ ወጣቱ ፊቱን ወደዚሁ ጥናት መለሰ።

ስለዚህ ወደ ጀርመን አገር ወደ ቱቢንገን ሄዶ የፌሊክስ ሆፔ ሳይለር ደቀ መዝሙር ሆነ። የምርምሩ ቤት በከተማው አናት ላይ በተሠራው አሮጌ ግንብ ውስጥ ሲሆን፥ ሚሸር የሚሠራበትም ክፍል ቀድሞ የግንቡ ወጥ ቤት ነበረ።

ለጥናቱ የፈለጋቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት ከእጢ ለማውጣት ሞክሮ የሚበቃ ያህል አላገኘም። ከዚህ በኋላ በአቅራቢያው ከነበረው የቀዶ ሕክምና ክፍል በመግል የራሰ ፋሻ ያስመጣ ጀመር፤ መግል በአብዛኛው የነጭ የደም ሕዋሳት ክምችት ነውና። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ የሚጥለውን ፋሻ እርሱ በሶዲየም ሰልፌት ውሃ እያጠበ ሕዋሳቱን ለየ። ከዚያም አሲድና ከአሳማ ጨጓራ ያወጣውን ፔፕሲን ጨምሮ የሕዋሱን ሌላ ክፍል ሲያስፈጭ፥ በዕቃው ሥር ኑክሊየሶቹ ዘቅጠው ቀሩ። ከእነርሱም በአልካሊ የሚሟሟ፥ በአሲድ ደግሞ ተመልሶ የሚረጋ ነገር አወጣ። ይህ ነገር ፎስፎረስ የበዛበትና ለፔፕሲን የማይበገር በመሆኑ፥ በዚያን ጊዜ ከታወቁት ፕሮቲኖች ጋር አልተመሳሰለም። ሚሸር ከኑክሊየስ ስለ ተገኘ ኑክሊን ብሎ ሰየመው። ዘመኑ 1869፥ ዕድሜውም ሃያ አምስት ዓመት ነበረ።

ሆፔ ሳይለር የደቀ መዝሙሩን ግኝት አላቃለለም፤ እንዲሁም በችኰላ አልተቀበለም። ሙከራውን በገዛ እጁ ደግሞ ከመረመረ በኋላ፥ በ1871 ዓ.ም. በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ አወጣው። ለጀማሪ ተመራማሪ ሁለት ዓመት መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ጽሑፉ ሲወጣ የመምህሩም ምስክርነት አብሮት ወጣ።

ሚሸር በ1872 ዓ.ም. በባዝል የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። ኑክሊኑም እንዳይበላሽበት በክረምት ብርድ እሳት ባልነደደበት ክፍል እየሠራ፥ ከራይን ወንዝ በሚጠመደው የሳልሞን ዓሣ ዘር ላይ ምርምሩን ቀጠለ። ይህ ነገር ለዘር መተላለፍ ምክንያት ይሆን እንደ ሆነ አስቦ ነበር፤ ግን ሐሳቡን ሳይቀበለው ቀረ። ትምህርቱ ለተማሪዎቹ ለመከታተል የሚያስቸግር ነበረ ይባላል። በመጨረሻም የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፥ በ1895 ዓ.ም. በዳቮስ በሃምሳ አንድ ዓመቱ ዐረፈ።

የጀመረው ሥራ ግን አልሞተም። በ1889 ዓ.ም. ሪካርድ አልትማን ኑክሊኑን ከፕሮቲን አጥርቶ ኑክሊክ አሲድ አለው። በ1944 ዓ.ም. ኦስዋልድ ኤቨሪና ባልደረቦቹ ከዚሁ አሲድ ወገን የሆነው ዲ.ኤን.ኤ. በባክቴሪያ ዘንድ የዘር ጠባይ አስተላላፊ መሆኑን አስረዱ፤ በ1953 ዓ.ም. ዋትሰንና ክሪክ ቅርጹን ገለጡ።

ዛሬ የዚያ ኑክሊየስ ረቂቅ አሠራር በብዙው ታውቋል። ስፋቱ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ብዙም በማይበልጥ ሕዋስ ውስጥ፥ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ይገኛል። በመግል ውስጥ የሚበዛው ኒውትሮፊል የተባለው ሕዋስ ኑክሊየሱ አንድ ድቡልቡል አይደለም፤ ከሁለት እስከ አምስት ጕብታዎች ተከፍሎ በቀጫጭን ክሮች የተያያዘ ነው። ይህም ሕዋሱ ከደም ሥር ግድግዳ በጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ቍስሉ እንዲደርስ ይረዳዋል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በጀርመን አገር የሚሠሩ ተመራማሪዎች፥ ይኸው ሕዋስ የኑክሊየሱን ክሮች እንደ መረብ ወደ ውጭ ዘርግቶ ባክቴሪያ እንደሚያጠምድ ደረሱበት። ሚሸር ከፋሻ ላይ አጥቦ ያወጣው ነገር፥ ዘርን ከማስተላለፍ በቀር በቍስሉ ላይ የሚዋጋም መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ጆሮው የደከመው ተማሪ፥ ንግግሩም ያልቀናው መምህር፥ በአንደበቱ ያላስተማረውን በእጁ ሥራ ለትውልድ አስተምሯል። ሙከራውን በትዕግሥት የደገመው ሆፔ ሳይለርም የደቀ መዝሙሩ ግኝት በጽኑ መሠረት ላይ እንዲቆም አድርጓል። ተማሪን በጆሮው መፍዘዝ ወይም በአንደበቱ መተሳሰር ከመመዘን በፊት፥ በእጁ የያዘውን ነገር ጠጋ ብሎ መመልከት የመምህር ፈንታ ነው።