ቢሊ ፊዩሪ፦ የሊቨርፑሉ ዘፋኝና የታመመ ልቡ

የሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው ጓደኛው ሬዲዮ ነው። እኔም «ሃፍዌይ ቱ ፓራዳይዝ» የተባለው የድሮ ዘፈን በመጣ ቁጥር ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ዘፋኙ ቢሊ ፊዩሪ ነው።

ትክክለኛ ስሙ ሮናልድ ዊቸርሊ ሲሆን፣ በ1940 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ሊቨርፑል ተወለደ። ገና በልጅነቱ የሩማቲክ ትኩሳት ያዘው፤ በሽታው ቢለቀውም ልቡን ጎድቶት ሄደ። ከትምህርት ቤት ወጥቶ መርከብ በምትጎትት ጀልባ ላይ ተቀጠረ። በ1958 የደረሳቸውን ዘፈኖች ይዞ በርከንሄድ ወደሚገኝ ቲያትር ቤት ቢሄድ፣ ላሪ ፓርንስ የተባለው የዘፋኞች ሥራ አስኪያጅ እዚያው መድረክ ላይ አወጣው። ስሙንም ፊዩሪ አለው፤ ቁጣ ማለት ነው። ልጁ ግን ከመድረክ ሲወርድ ዓይን አፋር ነበር።

በ1960 ያወጣው የመጀመሪያ አልበም ዘፈኖች በሙሉ የራሱ ድርሰቶች ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ይህ ብርቅ ነበር። በዚያው ዓመት አጃቢ ባንድ ሲፈለግለት ለፈተና ከቀረቡት መካከል ኋላ ቢትልስ የተባሉት ወጣቶች ይገኙበታል። እነሱ ግን ከሌላ ዘፋኝ ጋር ወደ ስኮትላንድ ተላኩ።

በ1962 ማይክል ዊነር ባዘጋጀው «ፕሌይ ኢት ኩል» ፊልም ላይ ዋናው ተዋናይ ሆነ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ቢሊና ጓደኞቹ ለትዊስት ውድድር ወደ ብራስልስ ሊበሩ ሲሉ አውሮፕላኑ ይቀርና፣ አባቷ ከዘፋኝ ወዳጇ ሊለያት የፈለገ የሀብታም ልጅ ይዘው የለንደንን ጭፈራ ቤቶች ያዳርሳሉ። ፊልሙን የሚንቁት አሉ። እኔ አልንቀውም፤ ያ ሁሉ ሳቅና ዘፈን ከታመመ ልብ የወጣ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ይበልጥ እወደዋለሁ።

እንስሳትና አዕዋፍ ነፍሱ ነበሩ። አንሰልሞ የተባለው ፈረሱ በ1964 በታላቁ የደርቢ ውድድር 4ኛ ወጥቶለታል።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ። በ1972 እና በ1976 ልቡን በቀዶ ሕክምና ታከመ፤ በ1978 ዕዳ ገባና ኪሣራ ታወጀበት። እንደገና ተነሥቶ አዲስ ዘፈን እየቀረፀ ሳለ፣ ጥር 28 ቀን 1983 በ42 ዓመቱ አረፈ።

በ2003 አድናቂዎቹ ገንዘብ አዋጥተው ሊቨርፑል ውስጥ የነሐስ ሐውልት አቆሙለት። የቆመውም ወደቡ አጠገብ፣ ወጣት ሳለ በጀልባ ይሠራበት በነበረው በመርሲ ወንዝ ዳር ነው።