ዶክተር ሻርል ኒኮል እና የተስቦ በሽታ

ተስቦ በውጭው ዓለም ታይፈስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ጢስ ወይም ጭጋግ ማለት ነው፤ ትኩሳት የበረታበት ሕመምተኛ አእምሮው በጢስ እንደተሸፈነ ፈዝዞና ቃዥቶ ስለሚታይ የተሰጠ ስም ነው። ስሙ ሕመምተኛውን በሚገባ ይገልጻል፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበትን መንገድ ግን አያመለክትም። ይህን የገለጡት ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል ናቸው።

ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1866 በሩዋን ከተማ ከሐኪም አባት ተወለዱ። በወጣትነታቸው ጆሯቸው በመድከሙ የሕመምተኛን ደረት ማዳመጥ አዳገታቸው፤ ወደ ቤተ ሙከራም አዘነበሉ። እ.ኤ.አ. ከ1903 ጀምሮ የቱኒስን ፓስተር ኢንስቲትዩት መሩ። ሥራ በጀመሩ ሰሞን ተስቦ ወደገባበት ወህኒ ቤት ሊሄዱ ሲሉ ታመው ቀሩ፤ የሄዱት ሁለት ሰዎች ግን በበሽታው ተይዘው ሞቱ።

በቱኒስ በሚገኘው ሳዲኪ ሆስፒታል አንድ ነገር አስገረማቸው። ሕመምተኞቹ በየቤታቸው ቤተሰባቸውን ያስይዙ ነበር። በሆስፒታሉ ደጃፍ የሚቀበሏቸውና ልብሳቸውን የሚረከቡ ሠራተኞችም ይታመሙ ነበር። የራሳቸው ልብስ ወልቆ፣ ታጥበውና የሆስፒታል ልብስ ለብሰው ከተኙ በኋላ ግን አጠገባቸው ያለውን እንኳ አያስይዙም። እንግዲህ በሽታው የቀረው ከደጃፉ፣ ከወለቀው ልብስ ጋር ነው። በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው ደግሞ ቅማል ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የሕመምተኛ ደም ለቺምፓንዚ፣ ከዚያም ለጦጣ ሰጡ፤ ከታመመችው ጦጣ ደም የጠጣ ቅማልም ጤነኞቹን ጦጣዎች አስያዘ። ተህዋሲው በቅማሉ ዓይነ ምድር እንዳለና ሰው ሲያክ በተቧጨረ ቆዳው እንደሚገባም ኋላ ታወቀ።

ተህዋሲው ራሱ የሚጠራው በሽታውን ሲመረምሩ በእርሱው በሞቱ ሁለት ተመራማሪዎች ስም ነው፤ ሪኬትስ እ.ኤ.አ. በ1910፣ ፕሮቫዜክ በ1915 አረፉ። ኒኮል እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀብለው በ1936 በቱኒስ አረፉ።

የተከበራችሁ ተገልጋዮች፣ በሀገራችን የአንጀት ተስቦ የሚባለው ታይፎይድ በተበከለ ምግብና ውኃ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ ነው፤ ሕክምናውም ይለያል። ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳትና ብርቱ ራስ ምታት የያዘው ሰው፣ በተለይም በልብሱ ቅማል ካለ፣ መድኃኒት በግምት ሳይገዛ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ተቋም ይሂድ፤ ቅማል እንዳለበትም ለባለሙያው ይንገር። ተስቦ በጊዜ ከታወቀ ዶክሲሳይክሊን በተባለው መድኃኒት ይድናል። ልብሱና አንሶላው በፈላ ውኃ ይታጠባል።