የሙሴ ራምቦ ሕይወትና የአንኮበር የጠመንጃ ሒሳብ

ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በቍጥርና በጽሕፈት እንዲሆን መጽሐፈ ሲራክ ማስተማሩን ሊቃውንት ያውቃሉ። ይህ ትምህርት ለእህልና ለጨው የሚያስፈልግ ከሆነ፥ ነፍስ ለሚያጠፋው ለጦር መሣሪያማ እጅግ አብልጦ ያስፈልጋል። ለዚህም የፈረንሳዊው የአርቱር ራምቦ ሕይወት ምስክር ነው።

ሙሴ ራምቦ በ1847 ዓ.ም. ሻርልቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ የጻፈው ቅኔ እስከ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ነገር ግን ዕድሜው ከሃያ ዓመት ብዙ ሳያልፍ ድርሰትን ፈጽሞ ትቶ በየአገሩ ዞረ። በ1872 ዓ.ም. ኤደን ደርሶ በባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረ፤ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር ተልኮ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር።

በ1878 ዓ.ም. ይህን ሥራ ለቆ፥ በሸዋ ይነግድ ከነበረው ከሙሴ ላባቱ ጋራ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ለማምጣት ተዋዋለ። ታጁራ ላይ ሲራራውን ሲያሰናዳ ሳለ፥ ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋራ ተስማምታ መሣሪያ በዚያ በኩል እንዳያልፍ ከለከለች። በሚያዝያ ወርም ሁለቱ ማኅበርተኞች 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት ማስመጣታቸውን ዘርዝረው ለፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አመለከቱ፤ ኋላም ፈቃዱ ተሰጣቸው። ይህ ሥራቸው ደግ ነበር።

ዳሩ ግን ላባቱ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና ሞተ። ራምቦ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ብቻውን ከታጁራ ተነሥቶ፥ በረሃውን አቋርጦ፥ በየካቲት መግቢያ ግድም አንኮበር ገባ። ንጉሡ ሐረርን ለመያዝ ዘምተው ስለ ነበር ወደ እንጦጦ ሄዶ ጠበቃቸው።

የላባቱ አበዳሪዎችም እውነተኛውም ሐሰተኛውም ተሰብስበው ያዙት። የሟቹን ሒሳብ በደረሰኝ ለይቶ ሊያስረዳ አልቻለም። ንጉሡ መሣሪያውን በርካሽ ዋጋ ወስደው የላባቱን ዕዳ ከዋጋው ቀነሱ፤ ቀሪው ሐረር ላይ በደጃዝማች መኰንን እጅ እንዲከፈለው ሐዋላ ተጻፈለት። ከዚህም የሚብስ ነገር አደረገ፤ በላባቱ ቤት ያገኛቸውን 34 ደብተሮች የሟቹ ሚስት እየረገመችው በእሳት አቃጠላቸው። በደብተሮቹ መካከል የንብረት ሰነድ እንደ ነበረ የሰማው ከተቃጠሉ በኋላ ነው። ሚስቲቱን በትሕትና ጠይቆ ወረቀቱን አንድ በአንድ ቢመረምር ኖሮ፥ እርስዋም መብቷ በተጠበቀላት ነበር።

በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ በኤደን ለፈረንሳይ ምክትል ቆንሲል ዝርዝር ሒሳብ ጽፎ አቀረበ። በዚያው ዓመት መሣሪያ ለማስገባት እንደ ገና አመልክቶ ፈቃድ ቢያገኝም፥ ብዙ ቀን ሳይቈይ ፈቃዱ ተሻረ። ከዚያ ወዲያ በሐረር ሲነግድ ኖረ። በ1883 ዓ.ም. ጕልበቱ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቈረጠ፤ በ1884 ዓ.ም. በኅዳር መግቢያ በ37 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ የጦር መሣሪያ ነገር በ2012 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቍጥር 1177 ይተዳደራል። ሆኖም አዋጅ የሚጸናው በሚሠራበት ሰው ነው። ላኪው ቍጥሩን በእውነት ይጻፍ፤ ተቀባዩ ቈጥሮ ይፈርም፤ ሹሙም ባለጉዳዩን ሳያመናጭቅ መርምሮ ማኅተሙን ያኑር። ደረሰኝ በጠፋበት ስፍራ እውነተኛውን አበዳሪ ከሐሰተኛው የሚለየው የለምና።