ዊልሄልም ሺምፐርና የኢትዮጵያ ኮረታም አበባ፦ ከደረቀ ናሙና እስከ መስኮት ዳር መትከያ

መግቢያ

የአሰቦት ተራራ ከምዕራብ ሐረርጌ ቆላማ ሜዳ ከፍ ብሎ ይታያል። በገዳሙ ዙሪያ ተጠብቆ የኖረው የጽድና የወይራ ደን በአካባቢው ከቀሩት የደረቅ ደጋ ደኖች አንዱ ነው። ስለዚህ ደን የሚጽፍ ተመራማሪ ጽድን በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፔሩስ ፕሮሴራ ብሎ ይመዘግባል። ስሙን ያወጣው ጀርመናዊው ሆህስቴተር ሲሆን፣ ኤንድሊኸር በ1847 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ሁለቱም ሊቃውንት ኢትዮጵያን አላዩም። በእጃቸው የነበረው ከሰሜን ኢትዮጵያ የተላከ ደረቅ ቅርንጫፍ ብቻ ነበር፤ የላከውም ጌኦርግ ዊልሄልም ሺምፐር ነው።

ሺምፐር በዚሁ መንገድ ከላካቸው ዕፅዋት መካከል ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤቶች በመትከያ የሚያድግ፣ ነጭ ገጽና ሐምራዊ ልብ ያለው ኮረታም አበባ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የሺምፐርን ሕይወት በዚህ አበባ በኩል ይመለከታል። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው። አንድ ተክል በሳይንስ ዘንድ እንዲታወቅ የደረቀ ናሙናው ይበቃል፤ ተክሉ በሰው ቤት እንዲኖር ግን በትውልድ አገሩ በየትኛው ወቅት እንደሚነቃና በየትኛው እንደሚያርፍ መታወቅ አለበት። ሺምፐር የመጀመሪያውን በጥቂት ዓመታት ፈጸመው፤ ለሁለተኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ በአገሩ መኖር አስፈልጎታል።

ወደ ኢትዮጵያ ያደረሰው መንገድ

ሺምፐር በ1804 እ.ኤ.አ. በጀርመን ምድር ተወለደ፤ በሙኒክም የተፈጥሮ ሳይንስ አጠና። ከዕፅዋት ጥናት ጋር የተሳሰረ ቤተሰብ ስለነበረው ዛሬም ድረስ ስሙ ከዘመዶቹ ስም ጋር ይምታታል። ወንድሙ ካርል ፍሪድሪኽ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ ያስተዋወቀ ሊቅ ነው። የአጎቱ ልጅ ዊልሄልም ፊሊፕ ደግሞ በስትራስቡርግ የሽበት ዕፅዋት አጥኚ ነበር። ተመራማሪዎች የአቢሲኒያውን ሺምፐር ከሌሎቹ ለይተው ማንበብ ይኖርባቸዋል።

ሥራውን የጀመረው ኡኒዮ ኢቲኔራሪያ በተባለው የጉዞ ማኅበር አማካይነት ነው። ማኅበሩን በኤስሊንገን ከተማ ያቋቋሙት ስቶይደልና ሆህስቴተር ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አባላት ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ተጓዡ ይሰበስባል፣ ናሙናው በቁጥር ተለይቶ ተመሳሳይ ስብስቦች ሆኖ ለአባላቱ ይከፋፈላል። ሺምፐር በዚህ ስልት በአልጄሪያ፣ በግብፅ፣ በሲና ልሳነ ምድርና በሒጃዝ ሰብስቦ በ1837 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ገባ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ አርባ አንድ ዓመት በአገሩ ቆየ።

የዚህ ቆይታ ትርጉም ከዘመነኞቹ ጋር ሲነጻጸር ይጎላል። በዚያው ዘመን ለፈረንሳይ ይሰበስቡ የነበሩት ካርቲን ዲሎንና ፔቲ ሁለቱም በኢትዮጵያ ሞተዋል፤ የመጀመሪያው በበሽታ፣ ሁለተኛው በ1843 እ.ኤ.አ. በዓባይ አዞ ተወስዶ። አሺል ሪሻር ያዘጋጀው የአቢሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፍ የእነርሱን ስብስብ መሠረት ቢያደርግም የሺምፐርን ናሙናዎችም በብዛት ይጠቅሳል።

ከተጓዥነት ወደ ነዋሪነት

በ1840ዎቹ መጀመሪያ ማኅበሩ ሲዳከም ሺምፐር ወደ አገሩ አልተመለሰም። ሰሜንና ትግራይን ይገዙ በነበሩት በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም አገልግሎት ገባ። ደጃዝማቹም የእንትጮን አውራጃ እንዲያስተዳድር ሾሙት። የካቶሊክ እምነትን ተቀበለ፤ ኢትዮጵያዊት አግብቶም ልጆች ወለደ። ከዚህ በኋላ ዕፅዋቱን የሚያየው እንደ መንገደኛ አልነበረም። የሚያስተዳድረው ገበሬ መቼ እንደሚያርስ፣ ክረምቱ መቼ እንደሚገባ፣ የትኛው ሥር ለመድኃኒት እንደሚቆፈር በየዓመቱ የሚያይ ሰው ሆነ።

ይህ ሹመት ግን ከሹመት ሰጪው ዕድል ጋር የተያያዘ ነበር። ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1855 እ.ኤ.አ. ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ፤ ከሁለት ቀን በኋላም በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሺምፐር ሹመቱን አጣ። ለተወሰኑ ዓመታት በፓሪስ የሚገኘው የዕፅዋት ተቋም የሰጠውን ድጋፍ ይዞ መሰብሰቡን ቀጠለ። በኋላም ንጉሡ ካገቷቸው አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ ተይዞ ቆይቶ፣ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ተፈታ። ብዙዎቹ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ እርሱ ወደ ዓድዋ ተመለሰ፤ እዚያም በ1878 እ.ኤ.አ. አረፈ።

የአበባው ስም

ሆህስቴተር በ1844 እ.ኤ.አ. ከሺምፐር ስብስብ ያገኘውን ኮረታም አበባ አሲዳንቴራ ባይከለር ብሎ ሰየመው። የመጀመሪያው ቃል የአበባውን ሹል የወንዴ ዘር ከረጢት፣ ሁለተኛው የነጭና የሐምራዊ ቀለሙን ጥምረት ያመለክታል። ከጊዜ በኋላ ሊቃውንት ተክሉን ወደ ግላዲዮለስ ወገን አዛወሩት። በዚያ ወገን ግን ባይከለር የሚለው ስም አስቀድሞ ለሌላ ተክል ተሰጥቶ ነበርና ማሬ በ1973 እ.ኤ.አ. ካሊያንቱስ የሚል አዲስ ስም አወጣለት። ቆይቶ ደግሞ ያው ተክል በ1932 እ.ኤ.አ. በእንግሊዛዊው አበባ አልሚ ኬልዌይ ግላዲዮለስ ሙሪየሌ ተብሎ መሰየሙ ተረጋገጠ። የቀደምትነት ሕግም ይህን ስም አጸናው። ሙሪየሌ የተባለው በኢትዮጵያ ተክሉን ያገኘው የኤርስኪን ባለቤት የሙሪየል መታሰቢያ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሰብሳቢ በዛሬው ስም ውስጥ አይታይም። ሺምፐር በሌሎች ዕፅዋት ግን ተጠቅሷል። በደጋው ለሻይና ለወጥ ማጣፈጫ የሚውለው ጦስኝ በሳይንስ ቲመስ ሺምፐሪ ይባላል። በስም ጉዳይ ይበልጥ የተረሱት መንገድ ያሳዩት፣ ሸክሙን በበቅሎ የጫኑት፣ የአገሩን መጠሪያ የነገሩት የትግራይና የሰሜን ሰዎች ናቸው። በታተሙት የናሙና ወረቀቶች ላይ ስማቸው የለም።

ኮረት በመትከያ፦ ወቅትን ማወቅ

ኮረት ተክሉ ምግቡን ከአፈር በታች የሚያከማችበት ክፍል ነው። ይህ ክምችት ተክሉ ክፉውን ወቅት ተኝቶ እንዲያልፍ ያስችለዋል። ይሁን እንጂ ክፉው ወቅት በየአገሩ ይለያያል። ቱሊፕና ናርሲስ የመጡት ክረምቱ በረዶ ከሆነበት ምድር ስለሆነ በቤት ውስጥ ለማበብ አስቀድሞ ከ12 እስከ 16 ሳምንት የሚደርስ ቅዝቃዜ ይሻሉ። በአውሮፓ ቤቶች በብርዱ ወራት መስኮት ዳር የሚያብቡት በዚህ ዝግጅት ነው። እንደ ጭሮ ባለ ደጋማ ከተማ ማቀዝቀዣ ካልተጠቀሙ በስተቀር ይህን ቅዝቃዜ ማግኘት አይቻልም።

የኢትዮጵያው ኮረት የሚሸሸው ብርድን ሳይሆን ድርቅን ነው። ከኢትዮጵያ እስከ ሞዛምቢክ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች በዝናብ ወቅት ይበቅላል፣ ያብባል፣ በበጋ ቅጠሉ ደርቆ ኮረቱ ያርፋል። የአበባው ቱቦ ረጅም ነው፤ መዓዛውም አመሻሽ ላይ ይጠነክራል፤ ይህ የሌሊት የእሳት ራትን የሚጠራ ቅርጽ ነው። በአውሮፓ አትክልተኞች ኮረቱን በጸደይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥልቀው በመትከያ ይቀብሩታል፤ ውርጭ እስኪያልፍ በቤት ሙቀት ያቆዩታል። አበባው ከሦስት እስከ አራት ወር ውስጥ ይመጣል። ቅጠሉ ሲደርቅ ውኃ ይከለከላል፣ ኮረቱ ተነቅሎ ውርጭ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ይከርማል። ሳያውቁት የኢትዮጵያን ክረምትና በጋ በቤታቸው እየደገሙ ነው።

በኢትዮጵያ ቤቶች ወቅትን በአበባ የመቀበል ልማድ ከዚህ ይለያል። በእንቁጣጣሽ አደይ አበባ ከሜዳ ይቀጠፋል፣ ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ወቅቱ ራሱ የሰጠው ወደ ቤት ይገባል እንጂ ተክሉ ከወቅቱ ተነጥሎ በቤት አያድግም። ሁለቱ ልማዶች ግን አንድ ዕውቀት ይጋራሉ፤ ሁለቱም የሚቆሙት ተክሉ መቼ እንደሚያብብ በማወቅ ላይ ነው።

ሁለት ዓይነት ቅርስ

ሺምፐር የተወው ቅርስ ሁለት መልክ አለው። የመጀመሪያው በቁጥር የተለዩት ደረቅ ናሙናዎች ናቸው። በመጋቢት 1943 እ.ኤ.አ. የበርሊን የዕፅዋት ስብስብ በአየር ድብደባ ሲቃጠል በዚያ የነበሩ ብዙ የሺምፐር ናሙናዎች ጠፍተዋል። ሆኖም ማኅበሩ ተመሳሳይ ስብስቦችን ለብዙ አባላት በማከፋፈሉ ጓደኞቻቸው በፓሪስ፣ በኪውና በሌሎች ተቋማት ተርፈዋል። በ1980 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2009 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ በስምንት ቅጽ ሲዘጋጅ እነዚህ ናሙናዎች ስምን ከተክል ጋር ለማገናኘት ዋና መመዘኛ ነበሩ።

ሁለተኛው በ1860ዎቹ የጻፈው የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። በዚህ ውስጥ ሺምፐር ተክሉን ከአገርኛ መጠሪያው፣ ከሚበቅልበት ቦታና ሰዎች ለምን እንደሚጠቀሙበት ጋር ያቀርበዋል። የወጣትነት ናሙናዎቹ ለዓለም ስም ሰጡ፤ የእርጅና ማስታወሻዎቹ ግን ተክሉ ከሰውና ከወቅት ጋር ያለውን ኑሮ ያዙ። የመጀመሪያውን የሰበሰበው ደጋፊ ማኅበር ከኋላው ባለበት ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛውን የጻፈው ሹመትና ቋሚ ገቢ ባጣበት ዘመን ነው።

ማጠቃለያ

የግላዲዮለስ ሙሪየሌ ታሪክ እንደሚያሳየው ስም፣ ሕያው ተክልና ጥቅም በተለያየ መንገድ ሊጓዙ ይችላሉ። ስሙ በጀርመን ተሰጠ፣ በእንግሊዝ ተለወጠ፤ ኮረቱ በባሕር ማዶ አበባ አልሚዎች እጅ ተባዛ። በዚያ ዘመን ይህን የሚገዛ ሕግ አልነበረም። ዛሬ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ከኢትዮጵያ የሚወጣ ሕያው ሀብት በፈቃድና በጥቅም መጋራት እንዲሆን ይደነግጋል። አዋጁ ሊጠብቅ የሚችለው ግን የተመዘገበውን ነው።

የሺምፐር ስብስብ በአብዛኛው የሰሜኑን ኢትዮጵያ የሚመለከት በመሆኑ፣ ለጨርጨር ደጋና ለአሰቦት ተራራ ስም ሰጥቷል እንጂ የዕለት ተዕለት ማስታወሻ አልተወም። በምዕራብ ሐረርጌ የሚሰማራ ተመራማሪ ስለዚህ ከሺምፐር የሚወርሰው ሁለት ተግባር ነው። ናሙናውን ከአንድ በላይ አዘጋጅቶ በተለያዩ ተቋማት ማስቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ኮረቱ የሚነቃበትንና የሚያርፍበትን ወር፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚጠራበትን ስም፣ ከፈቀደም የነገረውን ሰው ስም አብሮ መጻፍ ነው። ሺምፐር የመጀመሪያውን ከማኅበሩ አሠራር አገኘው፤ ሁለተኛውን ለመማር አርባ ዓመት ፈጅቶበታል፣ የነገሩትን ሰዎች ስም መመዝገብ ግን ለተከታዮቹ የቀረ ሥራ ነው።