ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ፤ ከጋፋት ምድጃ እስከ መቅደላ አምባ

ከወረኢሉና ከመካነ ሰላም ደጋማ አካባቢዎች በስተሰሜን፣ በደቡብ ወሎ ዞን በምትገኘው መቅደላ አምባ ላይ ከ150 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ትልቅ የነሐስ መድፍ ይገኛል። ስሙ ሴባስቶፖል ሲሆን፣ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። ይህን መድፍ ያሠሩት ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ በታሪክ በይበልጥ የሚታወቁት በአንድነት ዓላማቸውና በአሟሟታቸው ነው። ይሁንና ብረትን በሀገር ውስጥ ለማቅለጥ፣ ለመቅረጽና ለመፈተን ካደረጉት ጥረት የሚገኘው ትምህርት ማሽንና መሣሪያ ለሚጠቀም ዜጋ ሁሉ ዛሬም ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና አነሣስ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው በገዳም ተምረው ካደጉ በኋላ በዘመነ መሳፍንት ትርምስ ውስጥ በቋራ በረሃ ሸፍተው ስመ ጥር የጦር መሪ ሆኑ። ለኋላ ሥራቸው መነሻ የሆነው ግን ድል ሳይሆን ሽንፈት ነበር። በ1840 ዓ.ም. በምዕራብ ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ከግብፅ ጦር ጋር ሲገጥሙ፣ በመድፍ የታገዘው የሠለጠነ ሠራዊት የካሣን ጀግኖች በታተናቸው። ካሣ ከዚያ በኋላ ጀግንነት ብቻውን በመድፍ ፊት እንደማይበቃ ተረዱ።

ተቀናቃኞቻቸውን ተራ በተራ አሸንፈው በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በመስከረም 1848 ዓ.ም. በወሎ ዘመቻ መቅደላን ይዘው ምሽጋቸው፣ ግምጃ ቤታቸውና እስር ቤታቸው አደረጓት። በዚያው ዓመት ከሸዋ የወሰዱትን ልጅ ምኒልክንም ወደዚያች አምባ አመጧቸው።

የጋፋት ምድጃ

ንጉሠ ነገሥቱ መድፍን ከውጭ ከመግዛት ይልቅ እዚሁ ማሠራትን መረጡ። ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ ሀገሪቱ የመጡ የእጅ ጥበብ ያላቸው ወንጌላውያን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ሰፍረው ነበር። ከእነርሱም መካከል ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ይገኝበታል። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልም ከሠራተኞቹ አንዱ ነበር። ሰዎቹ የመጡት ለስብከት እንጂ ለመሣሪያ ሥራ አልነበረም። ንጉሡ መድፍ እንዲሠሩላቸው ሲጠይቋቸው ሙያው እንደሌላቸው ቢያስረዱም ትእዛዙን ማስቀረት አልቻሉም።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ የማቅለጫው ምድጃ ሙቀቱን ሊቋቋም አልቻለም። ሠራተኞቹ ግን ስሕተቱን እያረሙ ቀጠሉ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በሥራው እየተሳተፉ ሙያውን ቀሰሙ። በመጨረሻ የተሠሩት መድፎች ተተኩሰው ሲሰሙ የንጉሡ ደስታ ወሰን አልነበረውም። በክራይሚያ ጦርነት ዘመን ለረጅም ጊዜ በተከበበችው ከተማ ስም የተጠራው ሴባስቶፖል የዚህ ድካም ከፍተኛ ውጤት ነው።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት የነሐስን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። የቅይጡ መጠን ከተዛባ ብረቱ ወይ ይለሰልሳል፣ ወይ ተሰባሪ ይሆናል። የቀለጠው ብረት ወደ ቅርጽ ማውጫው ሲፈስ አየር ከታፈነበት በውስጡ ቀዳዳ ይቀራል፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ክፍል እኩል ካልቀዘቀዘ ደግሞ ስንጥቅ ይፈጠራል። እነዚህ ጉድለቶች ከውጭ አይታዩም። በዚያ ዘመን በአውሮፓ መድፍ ፋብሪካዎች አዲስ መድፍ ለሠራዊት ከመሰጠቱ በፊት ከተለመደው በላይ ባሩድ ተጎርሶ ይተኮስ ነበር፤ ከዚያም ውስጡ በውኃ ግፊትና በዓይን ይመረመር ነበር። የጋፋት ሠራተኞች ግን የቅይጡን መጠን የሚለኩበት ቤተ ሙከራ አልነበራቸውም። መመዘኛቸው እሳቱና የተኩሱ ድምፅ ብቻ ነበር።

ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ክፍተት ያውቁት ነበር። በ1858 ዓ.ም. መልእክተኛ ወደ እንግሊዝ ልከው የእጅ ባለሙያዎችና የሥራ መሣሪያዎች እንዲላኩላቸው ጠየቁ። ነገር ግን ቀደም ሲል ለንግሥት ቪክቶሪያ ለጻፉት ደብዳቤ ምላሽ በመዘግየቱ ተቆጥተው የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ስለነበር ግንኙነቱ ተበላሽቶ ነበር። የተዘጋጁት ባለሙያዎችና መሣሪያዎች ምጽዋ ደርሰው እስረኞቹ ባለመፈታታቸው ወደ መሀል ሀገር ሳይዘልቁ ቀሩ።

ወደ መቅደላ የተደረገው ጉዞ

የንጉሡ ቁጣ በሀገር ውስጥም ብዙ ደም አፍስሷል። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ ሲያመልጡ በአምባው የነበሩ የወሎ መያዣዎች ተገደሉ። ተደጋጋሚው ዘመቻና ቅጣት ሕዝቡን አስመረረ፤ በ1859 ዓ.ም. አብዛኛው ግዛት ከእጃቸው ወጥቶ ነበር።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፎቻቸውን በሠረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አመሩ። በመንገድ አልባው ገደል ድንጋይ እየተፈለጠ፣ አፈር እየተደለደለ አዲስ መንገድ ይጠረግ ነበር። ንጉሡም ከወታደሮቻቸው ጋር በእጃቸው ይሠሩ ነበር። የበሽሎን ሸለቆ ተሻግረው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ነው።

በዚያን ጊዜ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እየቀረበ ነበር። በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በእሮጌ ሜዳ ውጊያ ተደረገ። ከፋላ ተራራ የተተኮሰው የመድፍ ጥይት አብዛኛው ዒላማውን አልመታም። በስፍራው በእስር ላይ የነበሩ አውሮፓውያን እንደጻፉት ከትልልቆቹ መድፎች አንዱ ከመጠን በላይ ተጎርሶ ስለነበር ፈነዳ። በዚያ ቀን 700 ያህል ኢትዮጵያውያን ወደቁ። በሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሰብረው ሲገቡ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ላለመስጠት ራሳቸውን በሽጉጥ ገደሉ። ብዙ ቅርስ ተዘርፎ ሲወሰድ ሴባስቶፖል በአምባው ላይ ቀረ።

ከመቅደላ ያመለጡት ምኒልክ በኋላ ወረኢሉን የጦር ሰፈራቸው አደረጓት። በ1888 ዓ.ም. ለዓድዋ ዘመቻ የተጠራው ሠራዊት የተሰባሰበውም በዚያች ከተማ ነበር። በዓድዋ የኢትዮጵያን ጦር ያገዙት ግን በሀገር ውስጥ የተቀለጡ ሳይሆኑ ከውጭ የመጡ መድፎች ነበሩ። በጋፋት የተጀመረው ሙያ ከመሥራቹ ሞት በኋላ ተተኪ አላገኘም።

ከታሪኩ የሚወሰድ ትምህርት

በመቅደላ የፈነዳው መድፍ የተሰበረው በጎራሹ ስሕተት ብቻ ይሁን፣ ወይም በብረቱ ውስጥ የተደበቀ ጉድለትም ኖሮበት እንደሆነ በዚያ ዘመን መለየት አይቻልም ነበር። ዛሬ የተሰበረ የማሽን አካል ስብራቱ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ከአቅም በላይ በሆነ ጭነት ይሁን፣ ቀስ በቀስ በሰፋ ስንጥቅ መሰበሩ ይታወቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብረት ሳይሰበር መመርመር ተችሏል። በአልትራሳውንድ የውስጥ ቀዳዳና የውፍረት መሳሳት ይለያል፤ በቀለም ፈሳሽ ዓይን የማያየው የብየዳ ስንጥቅ ይታያል፤ ቦይለርና የግፊት ጋን ደግሞ ከሥራ ግፊታቸው በላይ በሆነ የውኃ ግፊት ይፈተናሉ።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ የመውሰድ ግዴታ አለበት። በመሆኑም ቦይለር፣ ኮምፕረሰር፣ ክሬን ወይም የግፊት ጋን የሚጠቀሙ ድርጅቶችና ግለሰቦች መሣሪያውን ሥራ ላይ ከማዋላቸው በፊትና ከዚያም በኋላ በየጊዜው ሊያስመረምሩት ይገባል። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የአምራቹን ሰነድና የቀድሞ የምርመራ ውጤት ሊጠይቅ፣ ከጥገና ወይም ከአዲስ ብየዳ በኋላም ፍተሻው እንዲደገም ሊያደርግ ይገባል። የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት የፍተሻ፣ የኢንስፔክሽንና የሰርተፊኬሽን አገልግሎት ይሰጣል። ሌሎች መርማሪ ተቋማት ሲመረጡ የአክሬዲቴሽን ማረጋገጫ ያላቸው መሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል።

የጋፋት ሠራተኞች መመዘኛ ሳይኖራቸው የቻሉትን ሠርተዋል። መመዘኛው በእጁ ያለ ባለንብረት ግን ሳያስፈትሽ መሣሪያ ቢያሠራ አደጋው የሚደርሰው በአጠገቡ በቆመው ሠራተኛ ላይ ነው።