ጀምስ ብሩስ፦ በአገው ምድር የዓባይን ሹም የጠየቀው ተጓዥ

ክርስትናም ሆነ እስልምና በአገሩ ሳይስፋፉ የአገው አባቶች ምን ያመልኩ ነበር ብሎ ለጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ ወንዝ ያመልኩ ነበር፣ አንድ ኮከብ ብቅ ሲል ጊደር ያርዱ ነበር ይባላል። ይህ ወሬ ከማን ተሰማ ብሎ ወደ ኋላ የሄደ ሰው፣ የኮከቡ ነገር ሲሆን በተለይ፣ የሚደርሰው አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ነው። እሱም ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው።

ብሩስ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1730 ኪኔርድ በተባለ የስኮትላንድ ርስት ውስጥ ነው። ከባለርስት ቤተሰብ የወጣ ሲሆን በወጣትነቱ አግብቶ ሚስቱ በ1754 በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ከዚያ በኋላ ዓረብኛንና ግዕዝን ማጥናት ጀመረ። ከ1763 እስከ 1765 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሠራ። ዓረብኛው የተቃናው እዚያ ሲሆን ኋላ በቀይ ባሕር ጉዞው ከማንኛውም መሣሪያ የበለጠ የጠቀመውም ይኸው ቋንቋ ነው። የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት ትልቅ መሣሪያና አጉሊ መነጽሮች ይዞ ነበር የሚዞረው።

በግብጽና በጅዳ አድርጎ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1769 ምጽዋ ደረሰ። እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ብሩስ ወደ ሐበሻ የገባው በሙስሊሞች እጅ ነው። ከጅዳ ጀምሮ ነገሩን ያቃናለት የራስ ሚካኤል ስሑል ጉዳይ አስፈጻሚ የነበረው ነጋዴ መሐመድ ጀበርቲ ነው። በየካቲት 1770 ጎንደር ሲገባም መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞቹ መንደር ሲሆን በዚያን ጊዜ የጎንደር ሙስሊሞች አለቃ ነጋድራስ መሐመድ ይባል ነበር። ያሲን የተባለ ሌላ ሙስሊም ደግሞ ታማኝ ወዳጁ ሆነ፤ ብሩስ በንጉሡ የራስ ፊል ገዥ ተብሎ ሲሾም አገሩን በምትኩ ያስተዳደረው እሱ ነው። በኋላ ዓለም ያነበበው የብሩስ መጽሐፍ እነዚህን ሰዎች በስም ይጠራል፤ ስለ ብሩስ የጻፉ ብዙዎች ግን አይጠሯቸውም።

ጎንደር ውስጥ በእቴጌ ምንትዋብ ቤት በቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን አክሞ ሞገስ አገኘ። ዘመኑ ወጣቱ ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን ላይ ተቀምጦ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል እጅ የነበረበት የጦርነት ዘመን ነው። ብሩስ ግን ልቡ ዓባይ ምንጭ ላይ ነበር። በጥቅምት መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ ጣናን በምዕራብ ዞረ፤ የዳሞቱን ባላባት ፋሲልን አስፈቅዶ ወደ ደቡብ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 (1184 ዓመተ ሒጅራ) ግሽ ደረሰ። ግሽ ዓባይ ዛሬ በምዕራብ ጎጃም ሰከላ ወረዳ ውስጥ ነው። ከእንጅባራ በስተምሥራቅ የሚገኝ የጎረቤት አገር ሲሆን በዚያን ጊዜ ነዋሪዎቹ አገዎች ነበሩ። እነዚሁ አገዎች ለጎንደር ከብቱን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና ሰሙን የሚያቀርቡ መሆናቸውን ብሩስ በአድናቆት ጽፏል።

ኮረብታው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነዋሪዎቹ ጫማውን አውልቆ እንዲወርድ ጠየቁት፤ አውልቆ እየሮጠ ሲወርድ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ምንጩ ዳር ቆሞ ከዓረብ አገር ባመጣው የኮኮናት ቅል ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤና ጠጣ። ማታ መነጽሩን ተክሎ ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ በጥላ ስትሸፈን ጠበቀና የቦታውን አቀማመጥ አሰላ። ያገኘው ቁጥር ዛሬ ከምናውቀው እምብዛም አይርቅም።

የጉዟው ትልቁ ፍሬ ግን ለእኔ ይህ ስሌት አይደለም፤ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ያደረገው ጨዋታ ነው። የምንጩ ሹም፣ ማለትም የአምልኮው ካህን፣ ክፍለ ዓባይ ይባል ነበር፤ ዕድሜው ሰባ ያህል፣ ጢሙ ነጭ። ብሩስ እየደጋገመ ጠየቀው። ሽማግሌው ጸሎቱን አልደበቀም፤ ዝናብ በወቅቱ እንዲጥል፣ ሣር እንዲበዛ፣ እባብ እንዲጠበቅ፣ ነጎድጓድ እንዲርቅ ይለምናል። ነጎድጓዱ ምን አደረገህ ቢለው፣ ንብ ይጎዳል፣ ኑሯችን ደግሞ ማርና ሰም ነው አለ። እባቡስ ቢለው፣ ሊመጣ ያለውን ክፉና ደግ የሚነግረን እሱ ነው አለ። እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ ጀምበር ስትጠልቅ፣ ረጅም ነጭ ጢም ያለው መንፈስ ከዛፍ ሥር እንደታየውና ሰዎች እየመጡ መሆኑን እንደነገረው አወራለት። ፈርቶ ለእባቡ ምግብ ቢያቀርብ በደንብ ስለበላ ጉዳት እንደማይደርስበት አወቀ። ሰው እንዳልሆነ በምን አወቅህ ሲባል ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ፤ የወንዙ መንፈስ ነው፣ የሰው ልጆች አባት አምላክ ነው አለ። ከዚህ በላይ ብሩስ ሊያናግረው አልቻለም። በጸሎታቸውም ያንን መንፈስ የዓለም ብርሃን፣ የዓለም ዓይን እያሉ እንደሚጠሩት መዝግቧል።

ዓመታዊውን በዓል እንዲህ ይገልጸዋል። የውሻ ኮከብ በንጋት መጀመሪያ ሲታይ፣ ሌሎች እንደነገሩት ደግሞ ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ፣ ሹሙ የየጎሳውን አለቆች ይጠራል። ያልወለደች ጥቁር ጊደር ታርዳ ራሷ ምንጩ ውስጥ ይነከራል፤ ሥጋዋን እዚያው ተካፍለው በምንጩ ውኃ እያወራረዱ ጥሬውን ይበላሉ፤ አጥንቱን ያቃጥላሉ። ያ ኮከብ በእኛ ሰማይ ከንጋት ብርሃን ቀድሞ ብቅ የሚለው ሐምሌ ግድም፣ ክረምቱ ሲበረታ ነው። በሐምሌ የአገው ምድር ሰማይ ስንት ቀን ጥርት እንደሚል የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ የአሥራ አንዱ ቀን ልዩነት የመጣው ከደመናው ይሆን ያሰኛል። አሥራ አንድ ቀን የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት የሚያንስበት ቁጥር መሆኑንም ረመዳንን የሚቆጥር ሁሉ ያውቃል፤ ግጥምጥሞሽ ሊሆን ስለሚችል ከዚህ አልፌ አልሄድም።

የውሻ ኮከብ የተባለው ዓረቦች ሺዕራ የሚሉት፣ ከሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ነው። ቁርኣን በሱረቱ አን-ነጅም አርባ ዘጠነኛ አንቀጽ ላይ በስም ያነሳዋል፤ የሺዕራም ጌታ አላህ መሆኑን ሲያስታውቅ። ሙፈሲሮች እንደሚያስረዱት ይህ የሆነው በጃሂሊያ ዘመን የኹዛዓ ጎሳ ሰዎች ኮከቡን ያመልኩት ስለነበር ነው። ጥንታዊ ግብጻውያንም የዓባይን ሙላት የሚጠብቁት በዚሁ ኮከብ መውጣት ነው። ግብጽ ለእስልምና ስትከፈት ሰዎች በየዓመቱ ልጃገረድ አስጊጠው ወንዙ ውስጥ ይጥሉ እንደነበር፣ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) እንደከለከሏቸው፣ ዑመርም (ረ.ዐ) ወንዙ የሚፈሰው በአላህ ፈቃድ መሆኑን የሚገልጽ ካርድ ጽፈው እንዲጣልበት እንደላኩ የሚተርከውን ታሪክ ሁላችንም ሰምተነዋል። ታሪኩን ያቆየልን የዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊ ኢብን ዐብዱል ሐከም ነው። ሰነዱ ውስጥ ግን ስሙ ያልተጠቀሰ ተራኪ አለ፤ በዚህም ደካማ ነው ይባላል።

የገዛ ታሪካችንን በሰነድ የምንመዝን ከሆነ የብሩስንም ወሬ በዚያው ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሕ ነው። ብሩስ ግሽ የደረሰው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነውና የጊደሯን መሥዋዕት በዓይኑ አላየም፤ ተነግሮት ነው የጻፈው። ደግሞም ግብጽንና ኮከቡን አስቀድሞ አንብቦ፣ የአገውን ሥርዓት ከግብጽ ጋር ለማገናኘት ጓጉቶ የመጣ ሰው ነው። ከእሱ በፊት በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን አገሩን ያየው ፖርቹጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦም በዓመት አንድ ጊዜ ካህኑ ሕዝቡን ጠርቶ ላም እንደሚያርድና ራሷን ምንጩ ውስጥ እንደሚጥል ጽፏል። ስለዚህ እርዱ በሁለት ምስክር ጸንቷል ማለት ይቻላል። በሎቦ ዘገባ ውስጥ ግን ኮከብ የለም። የአገው አባቶች ኮከብ ይጠብቁ ነበር የሚለው ነገር የቆመው በብሩስ ቃል ብቻ ነው።

ቃሉ ደግሞ ሁልጊዜ የጠራ አልነበረም። የዓባይን ምንጭ ያየሁ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እኔ ነኝ ለማለት ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1618 እዚያው የቆመውን ስፔናዊውን ፔድሮ ፓኤዝን ውሸታም አድርጎታል። አብሮት ግሽ የሄደውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ደግሞ ከጉዞው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ፤ ባሉጋኒ የሞተው ግን ከጉዞው በኋላ በ1771 ጎንደር ውስጥ ነው። ከክፍለ ዓባይ ጋር ያደረገውን ንግግር ግን እኔ አምነዋለሁ። የንቡና የነጎድጓዱ ነገር ለንደን ተቀምጦ የሚፈጠር አይመስልም፤ ማር ቆራጭ የሆነ ሰው ስጋት ነው።

ብሩስ በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ወጥቶ በሰናርና በኑብያ በረሃ አድርጎ በጥር 1773 ካይሮ ገባ። ለንደን ሲደርስ ሐበሾች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ በመናገሩ ብዙዎች ሳቁበት፤ ውሸታም ተባለ። ተቀይሞ ርስቱ ገባና መጽሐፉን ያሳተመው ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1790፣ በአምስት ቅጽ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1794 አንዲት እንግዳ ወደ ሠረገላዋ ሊሸኝ ሲል ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ።

ከሐበሻ ይዟቸው ከተመለሱት ጽሑፎች አንዱ መኃልየ መኃልይ ወደ አካባቢው ቋንቋዎች የተተረጎመበት ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ የዳሞት አገውኛ፣ ማለትም የዛሬው አውኚ፣ ይገኝበታል። ዛሬ በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በዚያ ዘመን አገው በገዛ ቋንቋው ከተጻፈለት ጥቂት ነገር አንዱ ይህ ነው፤ ስለ ግሽ ምንጭ፣ ስለ ጊደሯም ሆነ ስለ ኮከቡ ግን አንዳች አይናገርም።